ኮባልት 3 ውሃን የሚሰብር ከሆነ ቢ12 ብልቃጥ ውስጥ እንዴት ይኖራል?

ጠባሴ_05 ጻፈ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት። ኢንኦርጋኒክ ፈተና ደርሷል። ሁለት ነገር አልገባኝ ብሏል።

አንደኛ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለው የፖቴንሻል ሰንጠረዥ ኮባልት 3 (ሦስት ኤሌክትሮን ያጣው) አንድ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ኮባልት 2 ሲቀየር +1.82 ቮልት ነው ይላል። ኦክሲጅን ወደ ውሃ ሲቀየር ደግሞ +1.23 ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለው ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ስለዚህ ኮባልት 3 ውሃ ውስጥ ከገባ ውሃውን ኦክሲዳይዝ አድርጎ፣ ማለትም ኤሌክትሮን ነጥቆት፣ ኦክሲጅን ያወጣል ማለት ነው። እሺ። ታዲያ ፋርማሲ ያለው የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ምንድን ነው? ኮባልት 3 ነው፣ ውሃ ውስጥ ነው፣ ቀይ ሆኖ ለዓመታት ይቀመጣል። አረፋ የለ፣ ምን የለ።

ሁለተኛ። ለሚቀጥለው ደረጃ፣ ማለትም ከኮባልት 2 ወደ ኮባልት 1፣ አንድ ቦታ ኔጌቲቭ 0.61 ቮልት አነበብኩ። ሌላ ቦታ ኔጌቲቭ 0.85። የቱን ልያዝ?

ሳሲት ጻፈ፦

+1.82 ያልከው ኮባልቱ በስድስት ውሃ ተከብቦ ሲቀመጥ ነው። ሰንጠረዡ ቦታ ለመቆጠብ ውሃዎቹን አይጽፋቸውም እንጂ አሉ። ቢ12 ውስጥ ያለው ኮባልት ግን ቢበዛ አንድ ውሃ ቢይዝ ነው። ቁጥሩ የብረቱ ብቻ አይደለም። የብረቱና የጎረቤቶቹ ነው።

ብርድ_አይበግረኝ ጻፈ፦

ትክክል። በውሃ የተከበበው ኮባልት 3 ሃይ ስፒን ስለሆነ፣ ማለትም ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስለሚበዙበት ነው ያልተረጋጋው። ቢ12 ውስጥ ኮባልቱን የሚከብበው ቀለበት ውስጥ ሲገባ ሎው ስፒን ይሆናል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይጣመራሉ። አለቀ።

ሳሲት ጻፈ፦

ኧረ አላለቀም። ስድስት ውሃ የያዘው ኮባልት 3 ራሱም ሎው ስፒን ነው። ማግኔት አይስበውም። ሃይ ስፒን ሆኖ የሚታወቀው ስድስት ፍሎራይድ የያዘው ነው። ስፒን የሚቀየረው ኮባልት 2 ላይ ነው። ውሃ ውስጥ ሦስት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች አሉት፣ ቀለበት ውስጥ አንድ ብቻ።

የእነዋሪ_መምህር ጻፈ፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ ከስፒኑ ክርክር በላይ ይነግረናል።

መጀመሪያ ቢ12ን ተወውና አሞኒያን ውሰድ። ስድስቱን ውሃ አውጥተህ በስድስት አሞኒያ ብትተካ ፖቴንሻሉ ከ+1.82 ወርዶ +0.1 አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ 1.7 ቮልት ገደማ ነው። ኔርንስት እኩልታ ውስጥ ባለው 0.059 ቮልት አካፍለው። 29 ታገኛለህ። ይህ ማለት አሞኒያ ኮባልት 3ን ከኮባልት 2 ይልቅ 1 ተጽፎ 29 ዜሮ በሚከተለው ቁጥር እጥፍ አጥብቆ ይይዛል ማለት ነው። አሁን የስታቢሊቲ ኮንስታንት፣ ማለትም ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካውን ቁጥር፣ ሰንጠረዥ ክፈት። ለኮባልት 3 ሎጋሪዝሙ 35 አካባቢ ነው፣ ለኮባልት 2 ደግሞ 5 አካባቢ። ልዩነቱ 30። ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ሰንጠረዦች አንድ ነገር ሲናገሩ ታያለህ። እኔ ክፍል ውስጥ ኔርንስትን የማስተምረው በዚህ ነው፤ ባትሪ ላይ ብቻ ሲማሩት ተማሪዎች ፎርሙላ ይመስላቸዋል።

ቢ12 ላይ ስንመጣ ኮባልቱን አራት ናይትሮጅኖች በዙሪያው ይይዙታል። እነሱ የኮሪን ቀለበት ናቸው። ከታች አምስተኛ ናይትሮጅን አለ፤ ዳይሜቲልቤንዚሚዳዞል ከሚባለው ጅራት የሚመጣ። ከላይ ያለው ስድስተኛው ቦታ ይለዋወጣል። ሳያናይድ ሊሆን ይችላል፣ ሃይድሮክሳይድ፣ ውሃ፣ ሜቲል ወይም አዴኖሲል። ከላይ ውሃ ሲቀመጥ ከ3 ወደ 2 ያለው ፖቴንሻል +0.20 ቮልት አካባቢ ነው። ከ1.23 በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ውሃውን የሚነካበት አቅም የለውም። መርፌው ቀይ ሆኖ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ኮባልት 3 ስድስት ጎረቤት ይፈልጋል። ኮባልት 2 አምስት ይበቃዋል። ኮባልት 1 አራት ብቻ። የሚገባው ኤሌክትሮን ወደ ላይና ወደ ታች የተዘረጋውን ኦርቢታል ነው የሚይዘው። ስለዚህ ላይና ታች ያለውን ይገፋል። ቀለበቱ ባለቤት ነው፣ ከቤቱ አይወጣም። ላይና ታች ያሉት ተከራዮች ናቸው። አንድ ኤሌክትሮን ሲገባ አንዱ ተከራይ ይወጣል፣ ሁለተኛው ሲገባ ሌላውም ይወጣል። «የኮባልት ፖቴንሻል ስንት ነው?» የሚል ሰው ካለ መልሱ «ላይና ታች ማን አለ?» ነው። ይህችን ብቻ ይዘህ ብትገባ ፈተናው አይከብድህም።

ጠባሴ_05 ጻፈ፦

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። የ29ኙ ነገር ገብቶኛል። ሁለተኛው ጥያቄስ? ኔጌቲቭ 0.61 ነው ወይስ 0.85?

ኤሌክትሮድ_አጣቢ ጻፈ፦

ሁለቱም። አንድ ቁጥር ናቸው።

0.85 ያሉት በካሎሜል ኤሌክትሮድ (ከሜርኩሪ የሚሠራ ማመሳከሪያ ኤሌክትሮድ) አንጻር ለክተው ነው። 0.61 ያሉት ወደ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ቀይረውት ነው። የጠገበ ካሎሜል ከሃይድሮጅኑ 0.24 ቮልት ከፍ ይላል። ደምር፣ ይመጣልሃል። አብዛኛው የፖርፊሪን (የቢ12 ቀለበት ዘመድ) ጽሑፍ በካሎሜል ወይም በብር ክሎራይድ ነው የሚጽፈው፤ የባዮሎጂ ሰዎች ደግሞ በሃይድሮጅን። ሁለቱን ሳይቀይሩ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር የተለመደ በሽታ ነው። ቁጥር ስታይ መጀመሪያ «በምን አንጻር?» በል።

ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር ታገኛለህ፣ ኔጌቲቭ 0.50። እሱ እውነተኛ ልዩነት ነው። መፍትሔው አሲድ ሲሆን፣ ፒኤች ከ3 በታች አካባቢ፣ የታችኛው ናይትሮጅን ፕሮቶን ይዞ ከኮባልቱ ይላቀቃል። ኮባልት 1 ታች ማንንም አይፈልግም። ቀድሞ የወጣለት ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሮኑን መቀበል ይቀለዋል። 0.11 ቮልት ያተርፋል። መምህር ያሉት ተከራይ ነገር እዚህ በቮልት ተተምኗል።

ሰውነትም ይህን ያውቅበታል። ሜቲዮኒን ሲንቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ቢ12ን ሲይዘው የታችኛውን ናይትሮጅን አላቆ በራሱ ሂስቲዲን ይተካዋል። የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ኢንዛይም ላይ የተለካው ኔጌቲቭ 0.53 አካባቢ ነው። ኤሌክትሮን የሚሰጠው ፍላቮዶክሲን የሚባል ፕሮቲን እዚያ ድረስ በራሱ አይወርድም። ሽቅብ ነው። ስለዚህ ኮባልት 1 ገና ብቅ ሲል ኤስ-አዴኖሲልሜቲዮኒን የሚባል ሜቲል ሰጪ ውህድ ሜቲል ይለጥፍበታል፣ መመለሻ ያጣል። ሽቅቡ በዚህ ይከፈላል። ኮባልት 1 ካርቦን ላይ ለመለጠፍ ያለው ጉጉት ከታወቁት ኑክሊዮፋይሎች (ኤሌክትሮን ሰጥተው ከሚለጠፉ ነገሮች) ሁሉ ከጠንካራዎቹ የሚመደብ ነው።

ብርድ_አይበግረኝ ጻፈ፦

ጥያቄ። ኔጌቲቭ 0.61 ከሆነ ኮባልት 1 ውሃን ወደ ሃይድሮጅን ጋዝ መቀየር የለበትም? ፒኤች 7 ላይ የውሃው ኔጌቲቭ 0.41 ነው እኮ።

ኤሌክትሮድ_አጣቢ ጻፈ፦

በኃይል ሂሳብ ይችላል። በፍጥነት ግን ገለልተኛ ውሃ ውስጥ ቀርፋፋ ነው። አሲድ ጨምርበት፣ ያኔ ሃይድሮጅን ይወጣል። ኮባሎክሲም የሚባሉት ትንንሽ የኮባልት ውህዶች መጀመሪያ በ1960ዎቹ የቢ12 ምሳሌ ተደርገው ነበር የተሠሩት። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያጠናቸው ሃይድሮጅን ለማምረት ነው።

ጠባሴ_05 ጻፈ፦

ይህን የቀለም ለውጥ በዓይን ማየት ይቻላል? ላብ ውስጥ የዚንክ ዱቄት አለ። የናይትሮጅን ሲሊንደር ግን የለም።

የጁሩ_ልጅ ጻፈ፦

ሲሊንደር ለምን አስፈለገህ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ኦክሲጅን የት አለና 😄 ደረጃ ስንወጣ የምናጣው እሱን አይደል!

የእነዋሪ_መምህር ጻፈ፦

የጁሩ ልጅ አሳቀኝ። ግን እንቁጠረው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሰባት አሥረኛ ያህላል። ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ጋዝ ይይዛል። በ15 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 7 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይሟሟል። ወደ ሞል ስትቀይረው 0.22 ሚሊሞላር ነው። አንድ ሚሊግራም በሚሊሊትር ያለው የቢ12 መርፌ 0.74 ሚሊሞላር ነው። አሥር እጥፍ ብታቀጥነው 0.07። ስለዚህ በቀጭኑ መፍትሔህ ውስጥ ኦክሲጅኑ ከቢ12ቱ ሦስት እጥፍ ይበዛል። የእኛ ብርድ አያድንህም።

ያለ ሲሊንደር እንዲህ አድርግ። ውሃውን በደንብ አፍላው። እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ጋዙን ያስወጣል። ትኩስ እንዳለ ትንሽ ብልቃጥ እስከ አፉ ሙላ፣ የጎማ ክዳን ግጠም፣ ይቀዝቅዝ። የሚጨመረውን ሁሉ በመርፌ አስገባ። የአየር ክፍተት እንዳይኖር። ዚንኩን ግን ቀድመህ ከታች ማድረግ አለብህ፣ ዱቄት በመርፌ አይገባም።

ለመጀመሪያው እርምጃ ዚንክ አያስፈልግም። ሃይድሮክሶኮባላሚን (ከላይ ሃይድሮክሳይድ የያዘውን ቢ12) ወስደህ አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለት ቫይታሚን ሲ፣ ጨምርበት። ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ቡኒ ይሄዳል። እሱ ኮባልት 2 ነው። ቫይታሚን ሲ ከዚያ አያልፍም፣ አቅም የለውም። ሁለተኛውን እርምጃ ዚንክ በአሞኒየም ክሎራይድ ያደርገዋል። ወደ ግራጫ አረንጓዴ ይዞራል። ኮባልት 1 ማለት እሱ ነው። ከዚያ ክዳኑን ከፍተህ ነቅንቀው። ዓይንህ እያየ ይመለሳል።

ከዚንኩ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑ ላይ ቀጭን መርፌ ሰክተህ ተው። እሳት አታቅርብ። ማስክና ጓንት አትርሳ። የሠራህበትን መርፌ ለሰው የሚሆን ነገር አጠገብ አታስቀምጥ።

ጤና_ጣቢያ_ሰላድንጋይ ጻፈ፦

ከፋርማሲ የምትገዛውን ብልቃጥ ጀርባውን አንብብ። እኛ ጋ ሰው «የነርቭ መርፌ» ብሎ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀሉበት ነው። ለሙከራህ አይሆንም። ብቻውን ሃይድሮክሶኮባላሚን የሚል ፈልግ። ሳያኖኮባላሚን የሚለው፣ ከላይ ሳያናይድ የያዘው፣ ለቫይታሚን ሲ በቀላሉ አይበገርም።

ቫይታሚን ሲ ያላችሁት ነገር ለኛ ሥራም ይጠቅማል። ሁለቱን በአንድ ሲሪንጅ ቀላቅሎ መስጠት ይከለከላል ሲባል ብዙ ሰው ምክንያቱን አያውቅም። ምክንያቱ ይኸው በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ሜቲልኮባላሚንም ከካርቶኑ አውጥቶ መስኮት ላይ አይቀመጥም። ኮባልቱን ከካርቦኑ ጋር ያያያዘውን ቦንድ ብርሃን ይበጥሰዋል።

አንድ ደግሞ ልጨምር። ቀዶ ጥገና ክፍል ያላችሁ ልብ በሉ። ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ያ የማደንዘዣ ጋዝ፣ ኮባልት 1ን ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል። ሜቲዮኒን ሲንቴዝ ይቆማል። ቀድሞ ቢ12 የተሟጠጠ ሰው ከቀዶ ጥገናው በኋላ እግሩ ሊደነዝዝ፣ አካሄዱ ሊበላሽ ይችላል። ኬሚስቶቹ ቮልት ትላላችሁ፣ እኛ በሽተኛ ላይ እናየዋለን።

የጁሩ_ልጅ ጻፈ፦

እህቴ፣ ጾም ያሟጥጠዋል የሚሉትስ? እናቴ ሁዳዴን ሙሉ ሽሮና ጎመን ነው የምትበላው። መርፌ ላስወጋት?

ጤና_ጣቢያ_ሰላድንጋይ ጻፈ፦

ቢ12 ከእንስሳት ነው የሚገኘው፣ እሱ እውነት ነው። ሽሮ ውስጥ የለም። ግን ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በደህና ጊዜ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ የሚያገኝ ሰው ጉበቱ ውስጥ ያለው ክምችት ለዓመታት ይበቃዋል። የሚያሳስበው ከጾም ውጭም እነዚህን የማያገኝ፣ ሆዱ ቢ12 መምጠጥ ያቃተው፣ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ነው። እጅ እግሯ የሚደነዝዛት ከሆነ ታይታ፣ ደሟ ይመርመር። ዝም ብሎ መርፌ አይወጋም።

መንዝ_እንስሳት_ሐኪም ጻፈ፦

መሐል ሜዳ ነኝ። ቮልቱ አልፎኛል፣ ግን ኮባልት ከተነሳ በግ ሳይነሳ አይቀርም።

በግ ቢ12 ከሣር አያገኝም። የሚያገኘው ኮባልት ነው። ጨጓራው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው ኮባልቱን ቀለበት ውስጥ ከትተው ቢ12 የሚሠሩት። እንስሳም ተክልም ይህን ሥራ አይችልም። መጠኑ ትንሽ ነው፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ 0.1 ሚሊግራም ኮባልት አካባቢ። ቢ12 ራሱ በክብደቱ ከመቶ 4 ብቻ ነው ኮባልቱ።

ሲጎድል ለምን በግን ከሰው ይልቅ ይጎዳል? በግ ስኳር ከመኖው አያገኝም። ባክቴሪያዎቹ ሣሩን ወደ ፕሮፒዮኔት ይለውጡታል። ጉበት ደግሞ ፕሮፒዮኔቱን ወደ ግሉኮስ ይቀይራል። መንገዱ መሐል ላይ ሜቲልማሎኒል ኮኤ ሙቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ እሱም ያለ ቢ12 አይሠራም። ስለዚህ በጉ ሣር መሐል ቆሞ ምግብ ያስጠላዋል፣ ይከሳል። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ለረጅም ጊዜ የብረት እጥረት መስሏቸው ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ ኮባልት መሆኑ ታወቀ። ቢ12 ተለይቶ የወጣው ግን በ1948 ነው፣ ኮባልት እንዳለበትም ያኔ ታየ። የበግ ሐኪሞች ከኬሚስቶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመዋል። ይህን ባልኩ ቁጥር ኬሚስት ይቆጣል።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ለታመመ በግ የኮባልት ጨው በአፍ ብትሰጠው ይድናል። በደም ሥር ብትሰጠው ግን ብዙም አይረዳውም፣ ባክቴሪያዎቹ ጋ አይደርስማ። ቢ12ን ራሱን ግን በመርፌ ብትሰጠው ይሠራል።

እና እባካችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ገበያ ሄዳችሁ ኮባልት እንዳትፈልጉ። እኛ ደጋ ላይ በግ ሲከሳ መጀመሪያ የጉበት ትልና የሆድ ጥገኛ ነው የሚታየው። ፍግ ይመርመር። ኮባልት ሲበዛ ደግሞ መርዝ ነው።

ሳሲት ጻፈ፦

ዶክተር፣ አልተቆጣንም። ግን ኬሚስቶቹም ሲይዙት በደንብ ያዙት። ዶሮቲ ሆጅኪን መዋቅሩን በኤክስሬይ ክሪስታል በ1950ዎቹ አጋማሽ አወጣችው፣ በ1964 የኖቤል ሽልማት አገኘች። ቀለበቱ ፖርፊሪን እንዳልሆነ የታየው በዚያ ነው። ፖርፊሪን አራቱን ቀለበቶች የሚያያይዙ አራት ካርቦኖች አሉት። ኮሪን ሦስት ብቻ፤ ሁለቱ ቀለበቶች በቀጥታ ተጋጥመዋል። ፖርፊሪን በኔጌቲቭ 2 ቻርጅ ኮባልቱን ይይዛል፣ ኮሪን በኔጌቲቭ 1። ሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ሄምና ቢ12 ከአንድ እናት ነው የሚወጡት፣ ዩሮፖርፊሪኖጅን 3 ከሚባል ውህድ።

ግራፋይት ጻፈ፦

ቢ12 ላይ ብቻ ቀራችሁ። እኔ የምሠራው በዘመዶቹ ላይ ነው።

ኮባልት ፍታሎሳያኒን (ፖርፊሪን በሚመስል ሰው ሠራሽ ቀለበት የተያዘ ኮባልት) ኦክሲጅንን በኤሌክትሮድ ላይ ሪዱስ እንደሚያደርግ፣ ማለትም ኤሌክትሮን እንደሚሰጠው፣ ጃሲንስኪ የሚባል ተመራማሪ በ1964 አሳየ። ለዚህ ሥራ የሚውለው ፕላቲነም ውድ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ተንጫጫ። ችግሩ ግን አንድ ኮባልት ብቻውን ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ ይቆማል። ሁለቱን ኦክሲጅኖች የሚያገናኘውን ቦንድ አይቆርጥም። ለፉዬል ሴል (ነዳጅን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይር መሣሪያ) የሚፈለገው አራት ኤሌክትሮን እስከ ውሃ ድረስ ነው። ኮልማንና አንሰን የሚባሉ ኬሚስቶች ሁለት የኮባልት ፖርፊሪኖችን ፊት ለፊት አስረው፣ ኦክሲጅኑ መሐላቸው እንዲገባ አደረጉ። ያኔ አራቱም ሄዱ። ርቀቱ ትንሽ ከተዛባ ግን ወደ ፐርኦክሳይድ ይመለሳል። እንደገና የላይኛው ቦታ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ያለው ጎረቤት ሌላ ኮባልት ሆነ እንጂ።

ፐርኦክሳይድ ግን ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም። ማጽጃና ማንጫ ኬሚካል ነው፤ ሆን ብለው በዚህ መንገድ ለማምረት የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥም የኮባልት ፍታሎሳያኒን ዘመድ ክፉ ሽታ ያላቸውን የሰልፈር ውህዶች በአየር ኦክሲጅን ኦክሲዳይዝ ለማድረግ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራል። «ይህ ትምህርት ምን ያደርግልናል» የሚል ተማሪ ካለ ይህን ንገሩት።

ጠባሴ_05 ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሃይድሮክሶኮባላሚኑን አገኘሁ፣ ላብ ረዳቷም ፈቅዳልኛለች። አንድ የመጨረሻ። ያለፈው ዓመት ፈተና ላይ የሳያኖኮባላሚን ሳይክሊክ ቮልታሞግራም አለ፣ ፖቴንሻሉን ወደ ታችና ወደ ላይ እየነዱ ከረንቱን የሚስሉበት ግራፍ። ወደ ታች የሚወርደው ሞገድ አንድ ብቻ ነው። ከ3 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1 ካልን ሁለት መሆን አልነበረበትም?

የእነዋሪ_መምህር ጻፈ፦

ሳያናይድ ኮባልት 3ን በጣም አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ኤሌክትሮን የሚገባበት ፖቴንሻል ወደ ኔጌቲቭ በጣም ይወርዳል፣ ከሁለተኛው ቁጥር በታች ያልፋል። እዚያ ደርሰህ አንድ ኤሌክትሮን ስታስገባ ሳያናይዱ ይወጣል። አሁን የቀረው ኮባልት 2 ሳያናይድ የለውም። ለእሱ ይህ ፖቴንሻል ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ሁለተኛውን ወዲያው ይቀበላል። ኮባልት 2 ላይ የሚቆምበት ጊዜ ስለሌለ አንድ ሞገድ ሆኖ ይታያል፣ ውስጡ ግን ሁለት ኤሌክትሮን አለ።

ፈተናው ላይ ሲመጣ ከሃይድሮክሶው ግራፍ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው። የሃይድሮክሶው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሲመለስ፣ ወደ ፖዘቲቭ ስትሄድ ደግሞ፣ ሳያኖው ላይም ከ1 ወደ 2 የሚሄደው ሞገድ ለብቻው ይወጣል፣ ምክንያቱም ያኔ ሳያናይዱ ኮባልቱ ላይ የለም። አራሚው የሚፈልገው እሷን ነው።